የራዲያተሩ ክዳን

እናት የራዲያተሩን ክዳን የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከልብስ ሳሙናው አጠገብ ያየችው ልጇ የምትነዳት መኪና ከግቢ ወጥታ ኩርባውን ከታጠፈች በኋላ ነበር። ልጄ መንገድ ላይ ውሃ እንዳያልቅባት ብላ ራሷ ከፍታ ሞልታ፣ በር ሲንኳኳ ልትከፍት ሄዳ፣ በዚያው ረሳችው። ደወለች። ደጋግማ ደወለች። ልጅቷ ግን አላነሳችም፤ እየነዳሽ ስልክ እንዳታነሺ ብላ፣ «እማዬ ትሙት!» አሰኝታ ያስማለቻት ራሷ እናትየው ነበረች።

አሁን መሽቷል። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጥታ ግቢያቸው ባለው ጋራዥ ውስጥ አፏን ከፍታ ቆማለች። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና ናት። ባል በጎረምሳነቱ የገዛት፣ ልጁ ለአቅመ መንዳት ስትደርስ ደግሞ «ያበላሸሻት ቀን እሸጣታለሁ» ብሎ የሰጣት። ሰፈሩ «ሐኪሙ» የሚለው መካኒክ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ሞተሩ ላይ ተደፍቷል።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለ ቀና ብሎ። «ሞተሩ ያለ ውሃ ሄዷል። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ማለቴ ነው፣ ተጣሟል፤ ፒስተኖቹም የተረፉ አይመስለኝም። ለጠፍ ለጠፍ ባደርጋት ወር አትቆይም። ወይ ሞተሩ ወርዶ ከሥሩ ይታደስ፣ ወይ ደግሞ ፈታትቶ ለሚሸጣት ይስጧት።»

«ውሃው የት ሄደ?» አለ ባል።

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ቱቦው ደህና፣ ክዳኑ በቦታው።»

ክዳኑ በቦታው የተገኘው እናት መልሳው ነው። መንገድ ላይ እንፋሎቱን ፈርቶ ኮፈኑን የከፈተ አልነበረም። ግቢ ከገባች በኋላ ግን አባትና ልጅ ገመዱን ሲጠቀልሉ፣ እሷ እንደ ሌባ ዞር ዞር ብላ አይታ ከፈተችና ክዳኑን ገጠመችው። ቀኑን ሙሉ ልጄ ተገልብጣለች፣ ልጄ ተቃጥላለች ስትል ነው የዋለችው። ልጇን በእግሯ ቆማ ስታያት ያ ሁሉ ፍርሃት ለቀቃትና ሌላ ገባባት። ይሄኛው ለራሷ ነበር።

«እንግዲህ አብርረሻታል» አለ ባል ወደ ልጁ ዞሮ።

«አባ፣ አላበረርኩም።»

«ሙቀቱ ቀዩ ላይ ሲደርስ አላየሽም?»

«አየሁት።»

«አይተሽ ነዳሽ?»

«እማ ስትደውል፣ ስትደውል... አንተ አንድ ነገር ሆነሃል ብዬ ወደ ቤት ዞርኩ። ቶሎ ልድረስ ብዬ ነው።»

«ቆመሽ መልሰሽ አትደውዪም ነበር?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ክፉ ወሬ እንዳልሰማ ፈርቼ።»

እናት ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። የራሷ ነው።

ባል ወደ እሷ ዞረ። «ለመሆኑ አንቺስ ያን ያህል ምን ብለሽ ነው የደወልሽው?»

«እንዲሁ» አለች። «ሆዴን ባር ባር አለኝ።»

«የዚች ሴትዮ ፍርሃት አንድ ቀን ይገድለናል!» ብሎ ባል ሳይወድ ሳቀ።

«አይበሉ ጋሼ» አለ ሐኪሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የእናት ሆድ ነው። ቀድሞ ነግሯቸዋል።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«በቃ፣ ትሸጥ» አለ ባል። «ቃል ቃል ነው።»

«እሺ አባ» አለች ልጅቷ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አትሸጥም!»

ሦስቱም ወደ እናት ዞሩ። ይህችን መኪና «ቀይዋ ሣጥን» እያለች ስትረግም የኖረች ሴት ናት።

«ሞተሩ ይውረድ። ከሥሩ ይታደስ» አለች።

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ባል ጭንቅላቱን አከከ። ልጁን አየ፤ መኪናዋን አየ። «ይሁን እንግዲህ። ለእናትሽ ስል ነው፤ ላንቺ እንዳይመስልሽ።»

«እናት ማለት እንዲህ ናት፣ እትዬ» አለ ሐኪሙ መፍቻዎቹን እየሰበሰበ። «ጠዋት ማውረድ እንጀምራለን።» ባልና ሐኪሙ እያወሩ ወጡ።

ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት፤ ግራሶና ላብ ትሸታለች። «እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ...»

«ተይ» አለች እናት። «ተይ፣ አትሳሚኝ። ክዳኑን የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«የቱን ክዳን?»

ነገረቻት፤ መክፈቷን፣ መሙላቷን፣ መርሳቷን። የመጨረሻውን፣ ክዳኑን ተደብቃ መመለሷን ስትናገር ዓይኗ ከልጇ ጫማ አልተነሳም። ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ብትጮህባት በተሻላት።

«አባ ሲቆጣኝ እዚሁ ቆመሽ ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ቆሜ ነበር።»

ልጅቷ የተከፈተውን ሞተር በአሮጌ አንሶላ ሸፈነች፤ ጠርዞቹን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅ ጠቅ አደረገች። መብራቱን አጠፋች። ደጅ ሲወጡ፣ «ለአባ ራስሽ ንገሪው» አለች፤ ቁጣ የለውም ድምፅዋ።

«እነግረዋለሁ። የጋራዡን ቁልፍ ስጪኝ፣ ልቆልፍ» አለች እናት እጇን ዘርግታ። የግቢውን በር ሁሉ ማታ ማታ የምትቆልፈው እሷ ናት።

ልጅቷ አልሰጠቻትም። ቁልፉን ራሷ አዞረችው። እጀታውን ሳብ አድርጋ ሞከረችው፤ ትንሽ ቆም ብላ፣ ደግማ ሞከረችው።