ውሃው እስኪጠራ

«ደገፋ የለም» ይላል ደገፋ ራሱ፣ ከአሮጌዋ ላንድሮቨር ሥር እንደተንጋለለ። «ሁሩታ ለቅሶ ሄዷል። እኔ አስፋው እባላለሁ፤ አብረን ነው የምንሠራው።»

ውሸቱ እንዴት እንደቀለለው ለራሱም ይገርመዋል። እንግዳው የራዲያተር ውሃ ቀይሩልኝ ብሎ ገብቶ፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው የደገፋን ስም ያነሳው። በዚህ ዘመን ናዝሬት ውስጥ፣ ስሙ በማያውቀው ሰው ሲጠራ «አቤት፣ እኔ ነኝ» የሚል ካለ ወይ ሕፃን ነው ወይ ካድሬ።

«እንግዲያስ እጠብቀዋለሁ» ይላል እንግዳው። «መኪናዋን የገዛኋት በቅርቡ ነው፤ መንገዱን ሙሉ እየፈላች አስቸገረችኝ።»

ደገፋ የራዲያተሩን መፍሰሻ ይፈታል። በየወንዙና በየቦዩ እየተሞላ የከረመው ውሃ ዝገት እያዘለ ቡኒ ሆኖ ይወርዳል። የውሃ ጎማውን ከላይ ይከትና ሞተሩን ያስነሳል፤ ከዚህ በኋላ እስኪጠራ መጠበቅ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሥራ ይወደዋል። ዛሬ ግን ዓይኑ የእንግዳው ጫማ ላይ ነው። አቧራ ቢለብስም ጥሩ ቆዳ ነው። ይህ የመንግሥት ጫማ ነው፣ ይላል በሆዱ።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሽ ወንድሙ ጉደታ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዞ አዲስ አበባ ከተወሰደ ከርሟል። ቸርቻቸው ከታሸገ ወዲህ የታሰረው እሱ ብቻ አይደለም፤ ግን ከሌሎቹ ወሬ ሲመጣ ከጉደታ አንዲት ቃል የለችም። ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። እናታቸው እማማ ወርቅውሃ በር በተንኳኳ ቁጥር ደንግጠው ይነሳሉ። ደገፋም ከተያዘ እሳቸውን ማን ሊጦራቸው ነው?

«ሥራዎ ይባረክ ወንድሜ» ይላል እንግዳው፣ በርጩማ ስቦ እየተቀመጠ።

ይባረክ! የደገፋ ጆሮ ይቆማል። ሌላው ሰው በርታ ይላል፤ እንዲህ የሚሉት የቸርቻቸው ሰዎች ናቸው። እና ይህ ሰውዬ ከየት ተማረው? ጆሮ ጠቢዎቹ አነጋገራችንንም እያጠኑ መምጣት ጀመሩ ማለት ነው።

«አመሰግናለሁ ጓድ» ይላል ደገፋ፣ «ጓድ»ን ጠበቅ አድርጎ።

እንግዳው ከኋላ ወንበር አንድ ጣሳ ያወጣል። «ሲጠራ ይህን አረንጓዴ ፈሳሽ ይጨምሩበት። ዝገት ይከላከላል ብለውኛል።»

ደገፋ እንዲህ ያለ ጣሳ ያየው በመንግሥት ጋራዥ ብቻ ነው። «ከየት ተገኘ ጓድ?»

«ከአሰብ ሾፌሮች ገዛሁት።»

መልስ አያጣም፣ ይላል ደገፋ በሆዱ። ጴንጤ ቢራ እንደማይቀምስ ቀበሌው ሁሉ ያውቃል፤ ጠርሙስ እያስጨበጡ የፈተኑት ሰው ስንት ነው! ስለዚህ ወደ ጎረቤት ቡና ቤት በአጥሩ ላይ ይጣራል፤ «በላይነሽ! ሁለት ቢራ!»

በላይነሽ ከአምቦ ውሃ በቀር ሸጣለት አታውቅም። ጠርሙሶቹን ይዛ ስትመጣ ልትስቅበት ከንፈሯን ከፈት ታደርግና፣ ላንድሮቨሯን ስታይ የመንግሥት መኪና መስላት ሳቋን ውጣ፣ አስቀምጣ ትመለሳለች።

«ይጠጡ ጓድ፤ በእኔ ነው።»

«እኔ እንኳ አልጠጣም» ይላል እንግዳው። ዓይኑን ከደገፋ ላይ አይነቅልም።

አየኸው! ጴንጤ መስሎ ሊያጠምደኝ! ደገፋ ጠርሙሱን ያነሳና እስከ ግማሽ ይጨልጠዋል። ምሬቱ ጉሮሮውን ሲቧጥጠው እንባው ይመጣል፤ እንደ ልማደኛ አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። የእንግዳው ፊት ጭልም ይላል። ፊቱን ከደገፋ አዙሮ የሚወርደውን ውሃ ያያል። አመለጥኩት፣ ይላል ደገፋ፤ ከልቡ ደስ ይለዋል።

ውሃው ይጠራል። ደገፋ መፍሰሻውን ዘግቶ፣ አረንጓዴውን ከንጹሕ ውሃ ጋር እየቀላቀለ ይሞላል። አየሩ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ የላላውን ቱቦ ያጠብቃል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ክዳኑን ይገጥማል። ለጆሮ ጠቢም ቢሆን ሥራ ማበላሸት አይሆንለትም።

«ደገፋ ዛሬ አይመጣም?»

«ነገም መምጣቱን እንጃ።»

እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ ይገባል። መኪናዋን ካስነሳ በኋላ በመስኮቱ አንገቱን ያወጣል።

«እኔ ወደ ባሌ አልፋለሁ፤ በዚህ አልመለስም። ቢጠጡም ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ደገፋን ሲያገኙት፣ ጉደታ በሕይወት አለ ይበሉልኝ። አንድ ክፍል ታስረን ነበር። የቀረውን ለወንድሜ ብቻ ብሎ ቃል አስገብቶኛልና ለእርስዎ ልነግርዎት አልችልም።»

ደገፋ እኔ ነኝ ሊል አፉን ይከፍታል። የገዛ ትንፋሹ ቢራ ቢራ ይሸተዋል። አሁን ቢለው ማን ያምነዋል? ደግሞስ የመጨረሻዋ ወጥመድ ይህቺ ብትሆንስ? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ላንድሮቨሯ ከግቢው ወጥታ ወደ አሰላ መንገድ ትታጠፋለች።

ያኔ ይሮጣል። «ደገፋ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያለ በጋሪዎቹ መሃል ይሮጣል። ባለጋሪዎቹ ሰክሮ ነው ብለው ይስቁበታል። የሚከተልበት መኪና እንኳ የለውም፤ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሞተራቸው የወረደ ነው።

ከአዋሽ ማዶ ረጅሙ የአርሲ ዳገት አለ። ራዲያተሯ ያልተጠበቀላት መኪና ሁሉ እዚያ ላይ እየፈላች ትቆማለች። ደገፋ አስፋልቱ ዳር ይንበረከካል። ቸርቹ ከታሸገ ጀምሮ ከሹክሹክታ በላይ ጸልዮ አያውቅም። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በገዛ እጁ የሠራት መኪና እንድትፈላ ድምፁን ከፍ አድርጎ እግዚአብሔርን ይለምናል።