የመጨረሻው ጉርሻ

ለሚስቱ ብሎ ገላውን ታጥቦ የማያውቅ ሰው ለአጋዘን ብሎ በየንጋቱ ሲታጠብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታሲሎ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በዛላ ኮረብታዎች መካከል ያለች የአንዲት መንደር የአዳኞች ማኅበር አለቃ ነው። ወንዶቹ አጋዘኖች በሚያገሱበት በመስከረም ሽታ የሌለው ሳሙና ከከተማ ያስመጣል፤ ሽንኩርት አይበላም፤ አረቄ አይቀምስም፤ ይህን ሁሉ መከራውን ደግሞ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያወራል። በጠመንጃ ማንም ይገድላል ባይ ነው። እሱ የሚያድነው በእግሩ፣ በቀስት፣ የእንስሳው ትንፋሽ እስኪሰማው ድረስ ተጠግቶ ነው።

የዘንድሮው አጋዘን ግን አላስጠጋ አለው። ቀንዱ እንደ ደረቀ ዛፍ የተንሰራፋ ትልቅ ወንድ ነው። ታሲሎ ነፋሱን ጠብቆ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ እየተሳበ ሲደርስ፣ እንስሳው አፍንጫውን ያነሣና የሰውየውን አስተዳደግ የጠረጠረ ይመስል ገልመጥ አድርጎት ይሄዳል።

ነገሩን ያከበደው የራሱ ምላስ ነው። ወሩ ከመግባቱ በፊት በማኅበሩ ግብዣ ላይ የአለቅነቱን ጡሩምባ ከአንገቱ አውልቆ ግድግዳው ላይ ሰቀለና፣ “ያን አጋዘን በቀስት የጣለ ይውሰዳት። ወሩ እስኪያልቅ እኔ ካልጣልኩት አለቃችሁ አይደለሁም” አለ።

“ማንም ቢሆን?” አለ የእንስሳት ሐኪሙ ቬንዴል። ጡሩምባዋን ከተመኛት ቆይቷል።

“ማንም። ከፈለገች እህቴ ትሁን።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እህቱ ኤቴልካ ሳህን እያነሣች ነበር። ማንሣቷን ቀጠለች።

ኤቴልካ አርባ ዓመት በባዕድ አገር ኖራ ስትመለስ የአባታቸውን ቤት ታናሽ ወንድሟ ታሲሎ ሸጦት ጠበቃት። የቀረላት ኮረብታው ላይ ያለው የወይን መጭመቂያ ቤትና አባታቸው ያድንበት የነበረው የእንጨት ቀስት ነው፤ እሱንም ግድግዳ ላይ አድርጋ የሽንኩርት ጉንጉን ትሰቅልበታለች። የአደን ፈተናዋን አልፋ፣ ፈቃዷን ይዛ፣ ማኅበሩ እንዲቀበላት ብትጠይቅ፣ “እትዬ፣ እኛ ሴት የሚያስፈልገን ለወጡ ነው” ነበር የታሲሎ መልስ። ያን ጊዜም ሁሉም ስቀዋል፤ ቬንዴልም ጭምር።

ታሲሎ የአደን ልብሱን የሚያኖረው እሷ ዘንድ ነው፤ የራሱ ቤት ጥብስ ጥብስ ይሸታላ። ንጋት ላይ ሲመጣ ውሻዋ ከተሰቀለው ኮት ስር ተነሥቶ፣ ጎኑን ኮቱ ላይ አሽቶ ይንጠራራል፤ እሱም ኮቱን ለብሶ ይወጣል። አጋዘኑ አምልጦት ሲመለስ ደግሞ የሚያወራው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

“ቬንዴል ነው። አጋዘኑን በሰው ጠረን ሊያባርርብኝ ጫካው ውስጥ ፀጉር እየበተነ ነው። ከፀጉር አስተካካዩ ቤት በከረጢት ይዞ ሲወጣ ታይቷል።”

“ራሰ በራ ሰው ፀጉር ይዞ ከታየማ ያስጠረጥራል” አለች ኤቴልካ።

ታሲሎ ቀልዱ አልገባውም። ከዚያ ወዲያ ከአጋዘኑ ይልቅ ቬንዴልን ሲሰልል ሰነበተ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ መጣ። የግድግዳው ሽንኩርት ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ረግጦት ሊወድቅ ነበር።

“ዛሬ ወደ ምንጩ ውረድ” አለችው ኮቱን እያለበሰችው። “ማምሻውን እዚያ ሲያገሳ ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ።”

“ቬንዴልስ?”

“እሱን ተወው። ብቻ ከጣልከው፣ ሳትነካው ሁሉንም ጥራቸው። ጉርሻው በሰው ፊት ይሁን። አባባም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።”

በዚያ አገር ለወደቀ አጋዘን የመጨረሻ ጉርሻ ይሰጠዋል። የባሉጥ ዛፍ ቀንበጥ ለሁለት ይሰበርና ግማሹ እንስሳው አፍ ውስጥ ይገባል፤ ግማሹ ገዳዩ ባርኔጣ ላይ ይሰካል። ይህን ሳያደርግ የሚሄድ ሰው ከሌባ ይቆጠራል።

ጭጋግ ነበር። አጋዘኑ ከምንጩ በላይ ረጅሙ ሣር ውስጥ ተኝቷል፤ ጀርባውን ለታሲሎ ሰጥቶ፣ ቀንዱን ግንድ ላይ አስደግፎ። ታሲሎ ተሳበ። እንስሳው አፍንጫውን አላነሣም። ትንሽ ተጠጋ። ጆሮውን እንኳ አላወዛወዘም። እንዲህ ቀርቦት አያውቅም፤ በገዛ ጥበቡ ልቡ ተነክቶ እንባ ተናነቀው። ቀስቱን ለጠጠና ለቀቀ። ፍላጻው ጎድኑ መካከል ገባ። እንስሳው ንቅንቅ አላለም።

የማኅበሩ ሰዎች ሲደርሱ ታሲሎ ታሪኩን እየደጋገመ ይተርክ ነበር። ጡሩምባዋንም ከግድግዳ አውርደው አምጥተውለታል።

“መሞቱን እንኳ ሳያውቅ ነው የሞተው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም” አላቸው።

“እኔም አላየሁም” አለ ቬንዴል፤ እጁን እንስሳው ሆድ ላይ አሳርፏል። “ፍላጻህ የገባበት ደም የለውም።”

“ምቱ ንጹሕ ስለሆነ ነው።”

“ቀዝቅዟልም።”

“ሌሊቱን ውርጭ ነበር። ያንተ እጅ የሞቀው በቅናት ነው።”

ሰዎቹ ሳቁ። ቬንዴል እጁን ኪሱ ከተተና ፈገግ አለ። ታሲሎ ያን ፈገግታ አልወደደውም። ኤቴልካ ከኋላ ቆማለች፤ ለብርዱ የአባቷን አሮጌ ባርኔጣ ደፍታ፣ ከላይ በወፍራም ሻርፕ ጠምጥማለች።

ታሲሎ ጡሩምባዋን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ቀንበጡን ሰበረ፤ አንዱን ግማሽ ባርኔጣው ላይ ሰካ። ሌላውን ይዞ ተንበረከከና የአጋዘኑን ራስ ከግንዱ ወደ ሰዎቹ አዞረው።

አፉ አልከፈት አለው። መንጋጋው ደርቆ፣ በጥርሶቹ መካከል የጠወለገ የባሉጥ ቀንበጥ ግማሽ ነክሷል።

ኤቴልካ ሻርፗን ፈታች። ሌላው ግማሽ የአባቷ ባርኔጣ ላይ ነበር።

“እትዬ” አለ ታሲሎ እንደተንበረከከ፣ “ይቅር በይኝ።”

ጡሩምባዋን ከአንገቱ አወለቀች። ዙሪያውን የቆሙትንም አየቻቸው።

“ማንንም ይቅር አልልም” አለች።