የይመር እጅ

የትርንጎ ልብ ውስጥ የብረት ቫልቭ ከገባ ወዲህ፣ ደሟ እንዳይረጋ መድኃኒቱን እየመጠነች የምትሰጣት ክንዷ ላይ የተለጠፈች ትንሽ መሣሪያ ናት። መሣሪያዋ የምታውቀው ከጤና ጣቢያ ተመዝኖና ታሽጎ የሚመጣውን ምግብ ብቻ ነው። የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ሳይመዘን የተዋጠ ጥቂት ጎመን እንኳ ስሌቷን ያዛባዋል። ስለዚህ ትርንጎ ለብቻዋ ትበላለች። ሳያጎርሳት ምሳ በልቶ የማያውቀው ባሏ ይመር ፊት ለፊቷ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል።

ጤና ጣቢያው የአስታማሚዎችን እጅ መፈተን ሲጀምር ይመር ቀድሞ ተመዘገበ። ፈተናው በታዘዘው መጠን ልክ ጉርሻ እየጠቀለሉ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ያለፈን እጅ መሣሪያዋ ታምነዋለች። ይመር ግን ደጋግሞ ወደቀ።

“አባባ፣ እጅዎ ያበዛል” አለችው ነርሷ።

“ለሷ ማሳነስ አልለመድኩም፣ ልጄ።”

ክረምቱን ሙሉ ማድ ቤት እየገባ ሲጠቀልልና ሲመዝን ከረመ። መስከረም ላይ አለፈ።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ ጎመን በእንጀራ ጠቀለለ። መሣሪያዋ እጁን ለየችና አረንጓዴ አበራች።

“ይህቺን ነው ጉርሻ የምትላት?” አለች ትርንጎ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

“ትንሽ ናት፤ አውቃለሁ።”

ጎረሰች። መዋጡ ያሳሳት ይመስል ቀስ ብላ አኘከች። ከዚያ አፏን እንደገና ከፈተች።

“አንድ ያጣላል” አለችው።

ይመር መሣሪያዋን አየ። አረንጓዴው አልጠፋም። ሁለተኛዋንም እንደ መጀመሪያዋ አሳንሶ ጠቀለለ።