የጋሼ መስመር

ለዶክትሬት ጥናቷ የያዘችውን ጥንታዊ የዕብራይስጥ የጸሎት መጽሐፍ ከአማካሪዋ ከጋሼ ጋር አምስት ዓመት አነበበችው። አንዱን መስመር እሷ ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ ቀጣዩን ጋሼ፣ ጆሯቸው ደከም ስላለ፣ ግድግዳ በሚያናጋ ድምፅ ይቀበሏታል።

ጋሼ ከተቀበሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ዛሬ ከሰዓት ብቻዋን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጠባብ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። የራሷን መስመር አነበበች። የሳቸውን ለማንበብ ግን አንጀቷ አልቻለም፤ እሳቸው የሚያነቡበትን ያህል ዝም ብላ ቆየችና ወደ ቀጣዩ አለፈች። እንዲሁ እያለች ገጹን ጨረሰች።

በሩ ተንኳኳ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት።

«ይቅርታ የኔ እህት» አለቻት ከውጭ ሆና። «አንቺስ ቀስ ብለሽ ነው የምታነቢው። አንቺ ዝም ስትዪ የሚያነቡት አባት ግን ድምፃቸውን ቀነስ ቢያደርጉልን።»