የዋና ሥራ አስኪያጁ ንግግር

የመሥሪያ ቤቱን ዝግጅቶች በቪዲዮ የሚቀርጸው ምሥጋናው ጠዋት ፋይሉን ሲከፍተው ክው አለ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ትናንት በምሥረታ በዓሉ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያደረጉት ንግግር ምስሉ አለ፤ ድምፁ የለም። አፋቸው ይከፈታል፣ እጃቸው ይወናጨፋል፣ ላፕቶፑ ግን ጭጭ።

ጥፋቱን ያገኘው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነው። የቀረጸበት ላፕቶፕ የሚሠራበት ሊኑክስ የተባለው ሶፍትዌር ድምፅ ሲቀበል የቆየው ከአዳራሹ ማይክሮፎን ሳይሆን ምንም ካልተሰካበት መስመር ነበር። ቅንብሩን አስተካከለ፤ የትናንቱ ድምፅ ግን አንዴ አምልጧል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ "እስከ አሥር ሰዓት ቃል በቃል ተጽፎ ለቦርዱ ይላክ፤ አለዚያ መልቀቂያህን ይዘህ ና" ብለውታል።

ከትዝታው ሊጽፍ ሞከረ፤ አንድም ዓረፍተ ነገር አልመጣለትም። የፋይናንስ ኃላፊውን ጠየቃቸው።

"ድንቅ ንግግር ነበር! እንባዬ ነው የመጣው" አሉት። ምን እንደተባለ ሲጠይቃቸው ግን ስልክ አነሱ።

በመጨረሻ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አስካለች ትዝ አሉት። ጆሯቸው መስማት ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሰው የሚናገረውን ከከንፈሩ ያነብባሉ። ሄዶ ለመናቸው።

"አይዞህ ልጄ፣ አንዲት ቃል አታመልጠኝም" ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ወረቀቱን ሰጡት። "ክቡራትና ክቡራን" ይላል፤ ሌላው ባዶ ነው።

"እትዬ፣ የቀረውስ?" አላቸው ወረቀቱን እያገላበጠ።

ወይዘሮ አስካለች ግራ ተጋብተው አዩት።

"እስከ መጨረሻው ተከታትያቸዋለሁ እኮ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አላሉም።"