ለቅሶ ደራሾች

የእናቱን መርዶ በስልክ ሰማ። ግግር በረዶ በከበባት የስዊስ ተራራ መንደር አራት ዓመት ኖሯልና፣ ለቅሶ ደራሽ አይጠፋም ብሎ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። ጎረቤቱ ኡርስ ሰምቶ «አዝናለሁ» አለና ውሻውን እየጎተተ አለፈ። ሳምንት ሙሉ የገባው ብርዱ ብቻ ነው።

በስምንተኛው ቀን ኡርስ ጥቁር ለብሶ መጣ።

«ቀብር አለ፤ ትመጣለህ?»

«ማን ሞቶ?»

«ትንሹ ግግር በረዷችን። ቀልጦ አለቀ።»

ለቅሶ መቅረት ነውር ነውና ሄደ። ከንቲባው የሟቹን የሕይወት ታሪክ፣ በየዓመቱ የቀለጠውን እየቆጠረ፣ በሜትር አነበበ፤ ሰዉ ዝም ብሎ ቆሟል። እሱ ግን ደረቱን እየደቃ «እማምዬ!» ብሎ ጮኸ።

ከንቲባው እንባውን ጠርጎ አቀፈው። «ይህን ያህል ትወደው ነበር?»

መንደሩ በሙሉ ተሰልፎ እጁን ጨበጠው። ለእያንዳንዳቸው «እግዜር ያክብርልኝ» አለና፣ ቤቱ ተመልሶ በሩን ዘጋ።