ከመጋረጃው ወዲህ

ባለቤቴ ሚግዳል በሚባለው ገበያ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመቱ። የራስ ቅላቸው ላይ ድሮም ዕጢ ነበረባቸው። ሐኪሙ "አንጎልዎ ዙሪያ ትንሽ ደም ፈሷል፣ እዚሁ ይተኙ" ቢላቸው፣ እምቢ ብለው ፈርመው ወጡ። ልጃችን ኦሽራት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የሐኪሙን ትእዛዝ ደገመችልኝ።

"በየሰዓቱ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ስሙን ጠይቂው። ከተሳሳተ አምቡላንስ ጥሪ።"

እስራኤል መጥተን አሽቀሎን ከገባን አሥራ አራት ዓመት ቢሆነንም የባለቤቴን ስም ጠርቼ አላውቅም፤ በእኛ ወግ ነውር ነው። ፊት ለፊት ቆሜ "ስምዎ ማነው?" ማለትማ እንዴት ይሆንልኛል? ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ወዲህ ሆኜ ጠየቅኋቸው።

"ቢምረው" አሉ።

እስከ ምሳ አምስቴ፣ ከምሳ በኋላ አራቴ ጠየቅኋቸው። ሁሌም በዚያው በለሰለሰ ድምፅ "ቢምረው" አሉ። እግዜር ይመስገን እያልኩ ልብሳቸውን አጠብኩ።

ኦሽራት ስትመለስ በቀጥታ ወደ እሳቸው ገባች። ወዲያው ወጥታ እጄን ያዘችኝ።

"ኢማ፣ አባ ሞቷል። እጁ ደርቋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው መሰለኝ።"

"አሁን መለሱልኝ እኮ!"

ሮጬ ገባሁ፤ ኦሽራትም ተከተለችኝ። ማለዳ ያስቀመጥኩላቸው ሻይ እንደሞላ ነው። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ቀርቷል። ነውሩም ወጉም ጠፋኝና በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ጠራኋቸው።

"ቢምረው!"

"አቤት" አሉ፣ ከኋላችን፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቀኑን ሙሉ እኔ ከቆምኩበት።

ኦሽራት ከእኔ ቀድማ ዞረች።